ጥፋተኛው ስኳሩ ነው? ደቃቅ የደም ሥሮችን የሚጎዳውን ለማወቅ የፈጀው የሰባ ዓመት ክርክር

«ስኳር እኮ ዓይን ያጠፋል።» ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት የስኳር በሽታ ወሬ ከተነሣ አንዱ ይህን ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ኩላሊትንስ መች ይምራል!» ብሎ ይጨምርበታል። «በምን ታወቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ምን ይጠየቃል? ደም ውስጥ ስኳር በዛ፣ የደም ሥር ተጎዳ፤ በቃ።

ሐኪሞች ይህን «በቃ» እስኪሉ ድረስ ግን ሰባ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። በሙያቸው አንቱ የተባሉ ተመራማሪዎች «ጥፋተኛው ስኳሩ አይደለም» ብለው፣ ያውም ማስረጃ ይዘው ተከራክረዋል። እነሱ ሲከራከሩ ደግሞ ወጣቶች ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜ ይዞት የመጣ በሽታ

ታሪኩ በደስታ ይጀምራል። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ዛሬ ዓይነት 1 የምንለው፣ ብዙ ጊዜ በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ያኔ የሞት ፍርድ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልሠራም፤ መድኃኒቱ በደንብ አልተጣራም ነበር። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ አጣርቶት ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ሲሰጠው ግን የልጁ ስኳር ወረደ። ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በ1923 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ጆን ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ብዙ ሰው በሽታው የተሸነፈ መስሎት ነበር።

አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት አለፈ። ከሞት የተረፉት ልጆች አደጉ፣ ሥራ ያዙ፣ አገቡ። ከዚያ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ሌላ ነገር መጣ። አንዱ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር ነገር ይንሳፈፍበታል፤ ዓይኑ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። የሌላዋ እግር ያብጣል፣ ሽንቷ አረፋ ያወጣል፤ ኩላሊቷ ነው። የሌላው መርገጫ ይደነዝዛል፣ ሚስማር ቢወጋው እንኳ አይሰማውም፤ ነርቩ ነው።

ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭ። ሦስቱን ምን አገናኛቸው? ሦስቱም የሚኖሩት በደቃቅ የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች ከፀጉር ዘለላ አሥር እጥፍ ገደማ የሚቀጥኑ ናቸው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ጎን ለጎን ማለፍ ስለማይችሉ አንድ በአንድ ተሰልፈው ነው የሚያልፉት። የልብን ወይም የአንጎልን ትልልቅ የደም ሥሮች የሚዘጋው ችግር የስኳር በሽታ በሌለበትም ሰው ላይ ይመጣል። ይሄኛው ግን የስኳር በሽታ የራሱ ፊርማ ነው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ጨርሶ አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1851 የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ካስተዋወቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የቪየናው ኤድዋርድ የገር በአንድ የስኳር ሕመምተኛ ሬቲና ላይ ለውጥ አይቶ ነበር። ሬቲና ማለት ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። የዘመኑ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፈ ግን ለውጡ ከስኳር በሽታ የመጣ መሆኑን አልተቀበለም። ጭቅጭቁ ከኢንሱሊንም ይቀድማል ማለት ነው። አዲሱ ነገር ብዛቱና የሕመምተኞቹ ወጣትነት ነበር።

የኩላሊቱ ምስጢር በ1936 ቦስተን ውስጥ ተገለጠ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ እንደ ክር ድውር የተጠቀለለ የደቃቅ ደም ሥር ጥቅል ነው። ፓውል ኪመልስቲል እና ክሊፈርድ ዊልሰን የ8 ሟቾችን ኩላሊት በማይክሮስኮፕ ሲያዩ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ክብ ክብ ጠጠር የመሰሉ ክምችቶች አገኙ። አብዛኞቹ ሟቾች የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ።

በሰማያዊ ውሃ የተለካ ስኳር

ጉዳቱ መኖሩን ሁሉም አመነ። ጥያቄው ማን አደረሰው ነው። ሁለት ጎራ ተፈጠረ።

አንደኛውን የሚመራው የቦስተኑ ኤሊየት ጆስሊን ነው። ጆስሊን ጥብቅ ሰው ነበር፦ ምግብ በሚዛን፣ ኢንሱሊን በሰዓቱ፣ ምርመራ በየቀኑ። ሕመምተኞቹን እንደ ተማሪ ቁጭ አድርጎ ያስተምራቸው ነበር። ስኳሩን የተቆጣጠረ ሰው ከጉዳቱ ያመልጣል ብሎ ያምናል። በኒው ዮርክ ደግሞ ኤድዋርድ ቶልስቶይ ተቃራኒውን ያዘ። ሰውየው ክብደቱ ካልቀነሰ፣ ደህና ነኝ ካለ፣ ደሙም በአሲድ ካልተመረዘ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ቢታይስ ምን አለበት? ሰውን በሚዛን ማሠቃየት ለምን? እስቲ ራሳችሁን በሕመምተኛው ቦታ አድርጉት፤ የትኛውን ሐኪም ትመርጡ ነበር? እኔ የ20 ዓመት ልጅ ብሆን ቶልስቶይ ጋ የምሄድ ይመስለኛል።

ክርክሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጆስሊን ልክ ከሆነ፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው «ምክር አልሰማም ነበር» የሚል ነቀፋ ይከተለዋል። ሌላው ወገን ልክ ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ የተተወ እንጀራና ኬክ ከንቱ ድካም ነው።

ታዲያ ለምን አልተቋጨም? መለኪያ ስላልነበረ። ሕመምተኛው እቤቱ ሽንቱን ቤኔዲክት ከሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ያፈላል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ካለ ጥቂት አለ፤ ብርቱካናማ ወይም የጡብ ቀለም ከሆነ ብዙ አለ። ችግሩ፣ ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው። ጤነኛ ሰው ቁርስ ሳይበላ ከ100 በታች ነው ያለው። በመካከል ያለው ሁሉ አይታይም። በዚያ ላይ ሽንት ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይጠራቀማል፤ የጠዋቱን ዝናብ በማታው ጭቃ እንደ መገመት ነው። በዚህ መለኪያ «ስኳሩን በደንብ የተቆጣጠረ» የተባለ ሰው እውነት ተቆጣጥሮ ነው ወይስ ኩላሊቱ ዝም ብሎለት ነው? ጆስሊንም ቶልስቶይም አያውቁም።

እስከዚያው ሌሎች ጉዳቱን ራሱን ቀርበው ለማየት ጣሩ። በ1960 እና 1961 ቦስተን ውስጥ ኩዋባራ እና ዴቪድ ኮጋን አንድ ብልሃት አገኙ። ከሟች የተወሰደን ሬቲና ትሪፕሲን በሚባል ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም ይነክሩታል። ሥጋው ይሟሟና የደም ሥሮቹ መረብ ብቻ ይቀራል፤ በስብሶ ሥሮቹ ብቻ የቀሩትን ቅጠል አስቡ። ይህን መረብ መስታወት ላይ ዘርግተው ሲያዩት፣ ደቃቅ የደም ሥሮችን ከውጭ አቅፈው የሚይዙት ፔሪሳይት የተባሉ ሕዋሳት በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሞተዋል፤ የቀረው ባዶ ቅርፋቸው ነው። ደጋፊ ያጣው ግድግዳ አልፎ አልፎ እንደ ፊኛ ተነፍቷል።

የሚገርመው፣ ለስኳሩ ወገን ትልቁ ምት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1968 የዳላሱ ማርቪን ሲፐርስታይን እና ባልደረቦቹ ከሰዎች ጭን ጡንቻ ቅንጣት ሥጋ በመርፌ ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። የሚለኩት የደቃቅ ደም ሥር ሕዋሳት የሚያርፉበትን ስስ ምንጣፍ ውፍረት ነው። በስኳር ሕመምተኞች ላይ ምንጣፉ ወፍሯል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን እናት አባታቸው ሁለቱም የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ፣ የራሳቸው ስኳር ግን ገና ጤናማ የሆነ ሰዎችንም መርምረው ነበር። የነዚህም ግማሽ ያህሉ ምንጣፋቸው ወፍሮ ተገኘ! ስኳር ሳይጨምር የደም ሥር ከተጎዳ፣ ጉዳቱና ስኳሩ ከአንድ ዘር የበቀሉ መንትዮች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም ማለት ነው። ሌሎች ላቦራቶሪዎች አለካኩን ተቃወሙ፤ ሙግቱ ለዓመታት ቀጠለ። ያኔ የስኳር ሐኪም የነበረ ሰው ለሕመምተኛው «ልፋ፣ ይጠቅምሃል» ለማለት በቂ ማስረጃ በእጁ አልነበረውም።

አንዱ ዓይን ይታከማል፣ ሌላው ይቀራል

ዓይኑ እየጠፋ ያለ ሰው የክርክሩን ማብቂያ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያ ዘመን ምን ያህል ተስፋ መቁረጥ እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1953 ፖውልሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ስለ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ዘገበ። ሴትየዋ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢዋ ሞተች፤ ከዚያ የዓይኗ ጉዳት እየጠፋ ሄደ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ቀዶ ሐኪሞች ዓይን ለማትረፍ ሲሉ የሰዎችን ፒቱታሪ ያወጡ ነበር። ጤነኛ ዕጢ! ፒቱታሪ የሌለው ሰው ዕድሜ ልኩን ተተኪ ሆርሞን ካልወሰደ አይኖርም። ሰዎች ግን እሺ ብለው ጭንቅላታቸውን ለቀዶ ሕክምና ሰጡ፤ ዓይን ነዋ። የአንዳንዶቹ ዓይን ተርፏል።

የተሻለው መንገድ የመጣው ከፀሐይ ግርዶሽ ነው። በጁላይ 1945 ሃምቡርግ ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ ግርዶሹን ያለ መከላከያ ትኩር ብሎ አይቶ ሬቲናው ላይ ጠባሳ አተረፈ። (እናንተ እንዳትሞክሩት።) ጠባሳውን ያየው ሐኪም ጌርድ ማየር ሽዊከራት ሌላ ነገር ታየው፦ ፀሐይ ሬቲናን ሳይቀዱ ሊተኩስ ከቻለ፣ እኛስ ሆን ብለን በልክ ብንተኩስ? በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰበ ወደ ሕመምተኛ ዓይን መምራት ጀመረ። የሃምቡርግ ሰማይ ደግሞ ደመና ይወዳል። ስለዚህ ወደ አርክ መብራት፣ ከዚያ ዛይስ ከተባለው ፋብሪካ ጋር ወደ ዜኖን መብራት ተሻገረ። በ1960ዎቹ ሌዘር ተተካ።

ግን ይሠራል? በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ1,700 በላይ ሰዎች በ15 የሕክምና ማዕከላት ተመዘገቡና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን ብቻ በዕጣ ተመርጦ ተተኮሰ፤ ሁለተኛው ሳይነካ ይጠበቃል። ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ የት ይገኛል? ደሙ አንድ፣ ስኳሩ አንድ፣ ሰውየው አንድ። በ1976 የታከሙት ዓይኖች ክፉኛ የመጥፋት ዕድላቸው ካልታከሙት ከግማሽ በታች ሆኖ ሲገኝ፣ ለቀሩትም ዓይኖች ሕክምናው ተፈቀደ። ሌዘሩ የሚተኩሰው ደም ያጣውን የሬቲና ዳር ዳር ነው። የተራበው ሬቲና «የደም ሥር ላኩልኝ» የሚል ኬሚካል ይለቃል ብሎ አይዛክ ማይክልሰን በ1948 ገምቶ ነበር፤ ኬሚካሉ ቪኢጂኤፍ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ እሱን የሚከለክል መድኃኒት በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይወጋል።

ሌዘር ዓይን ያተርፋል፤ ዋናውን ጥያቄ ግን አይመልስም።

የቴህራኑ ነጠላ

በ1968፣ ሲፐርስታይን ጽሑፉን ባወጣበት ዓመት፣ በኢራን ቴህራን ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ራህባር የሂሞግሎቢን ዓይነቶችን ያጠና ነበር። ሂሞግሎቢን ደምን ቀይ የሚያደርገው፣ ኦክሲጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ራህባር በአንዳንድ ሰዎች ደም ላይ ያልተለመደ ሂሞግሎቢን አየ፤ ሰዎቹ የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ሌሎች የስኳር ሕመምተኞችን ሲፈትሽ እነሱም ላይ አለ። በኋላ እንደተገለጠው ይህ ስኳር የተጣበቀበት ሂሞግሎቢን ነው።

ጭስ ቤት የዋለ ነጠላ ታውቃላችሁ አይደል? ጭሱ ከበዛና ከቆየ ሽታው ይጠነክራል፤ ከጭሱ ከወጣችሁ በኋላም አይለቅም። ቀይ የደም ሕዋስም 120 ቀን ገደማ ሲኖር በዙሪያው ያለውን ስኳር እንዲሁ እየጠጣ ነው። አንድ ጠብታ ደም ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል። እኛ ጋ «የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ምርመራ ይኸው ነው። ለቀጠሮው ሲል ሁለት ቀን ብቻ ተጠንቅቆ የሚመጣውን ሰው የሚያጋልጠውም እሱ ነው!

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጣትን ወግቶ በደቂቃ ውስጥ ስኳርን የሚያነብ መሣሪያም ቤት ገባ። ብራሰልስ ላይ ደግሞ ዣን ፒራር ከ1947 እስከ 1973 የተከታተላቸውን 4,400 ሰዎች መዝገብ አሳተመ፤ ስኳራቸው የከፋው ጉዳታቸውም የከፋ ነበር። ይህስ አይበቃም? አይበቃም። ምናልባት በሽታው ከመነሻው የከበደባቸው ሰዎች ስኳራቸውም አልታዘዝ ብሎ፣ የደም ሥራቸውም ተጎድቶ ቢሆንስ? አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። ሲፐርስታይንም ይህንኑ ነበር የሚለው።

ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ወገን ስኳር ሆን ብሎ ዝቅ ማድረግ።

ዲሲሲቲ የተባለው ጥናት በ1983 ተጀመረ። በአሜሪካና በካናዳ ባሉ 29 ማዕከላት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 የሆኑ 1,441 ዓይነት 1 ሕመምተኞች በፈቃዳቸው ገቡ። ግማሾቹ እንደተለመደው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይወጋሉ። ሌሎቹ በቀን ሦስቴና ከዚያ በላይ ይወጋሉ ወይም ፓምፕ ይታጠቃሉ፤ በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ ጣታቸውን ይወጋሉ፤ በየወሩ ይመጣሉ። የሁሉም ሬቲና በየስድስት ወሩ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶውን የሚያነቡት ሰዎች የማን እንደሆነ አያውቁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የተለመደው ሕክምና የደረሳቸው ሰዎች የጆስሊን ወገን ልክ ከሆነ ዓይናቸውን ለአደጋ እየሰጡ መሆኑን ያውቃሉ። በጥብቁ ወገን ያሉት ደግሞ የቶልስቶይ ወገን ልክ ከሆነ ያ ሁሉ መርፌ በከንቱ ነው፤ በዚያ ላይ ስኳራቸው በጣም ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። በእርግጥም ይህ አደጋ በነሱ ላይ ሦስት እጥፍ ሆኖ ታይቷል። ሆኖም 99 በመቶው እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሐኪሞችን ስም ይይዛል፤ እኔ ግን ይህን ክርክር የፈቱት እነዚህ ስማቸው የማይጠራ 1,441 ሰዎች ናቸው ባይ ነኝ።

ጥናቱ ከታቀደው አንድ ዓመት ቀድሞ ቆመ፤ መልሱ ግልጽ ሆኖ ነበር። በጁን 1993 ውጤቱ ላስ ቬጋስ በተደረገ ጉባኤ ተነገረ። በአማካይ 6.5 ዓመት ክትትል ውስጥ፣ መጀመሪያ ዓይናቸው ደህና ከነበረው መካከል የጥብቁ ወገን የዓይን ጉዳት 76 በመቶ ቀነሰ። የነርቭ ጉዳት 60 በመቶ ቀነሰ። ኩላሊት አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ሽንት በብዛት ማፍሰሱም 54 በመቶ ቀነሰ። የሁለቱ ወገኖች የሦስት ወር ስኳር አንዱ 7፣ ሌላው 9 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሁለት ነጥብ።

በብዛት በአዋቂዎች ላይ ለሚታየው ዓይነት 2 ተመሳሳይ መልስ በ1998 ከብሪታንያ መጣ፤ ከ5,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የደቃቅ ደም ሥር ጉዳት 25 በመቶ ቀንሷል። እዚያው ጥናት ውስጥ የደም ግፊትን በጥብቅ መቆጣጠር 37 በመቶ ቀንሶታል፤ ስለ ግፊት ግን ታክሲ ውስጥ ያን ያህል አይወራም።

ለምን ግን ዓይንና ኩላሊት፣ ለምን ጡንቻ አይሆንም? የጡንቻ ሕዋስ ስኳር የሚያስገባው በዋናነት ኢንሱሊን በሩን ሲያንኳኳ ነው። የሬቲናና የኩላሊት ደቃቅ ሥሮችን የሚሠሩት ሕዋሳት፣ ነርቭም ጭምር፣ በራቸው ክፍት ነው፤ ውጭ ስኳር ሲበዛ ውስጣቸውም ይሞላል። ማይክል ብራውንሊ በ2001 እንዳብራራው የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ ይህን ሁሉ ስኳር ሲያነድ ጎጂ የኦክሲጅን ቅንጣቶችን ይተፋል፤ ሌላው ጉዳት ከዚያ ይከተላል።

ታሪኩ በ1993 ቢያልቅ ለጆስሊን ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከ1994 ጀምሮ ኤዲክ በሚል ስም ተሳታፊዎቹን መከታተል ቀጠለ። አሁን ሁሉም ጥብቁን ሕክምና ተምረዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሁለቱም ወገን የሦስት ወር ስኳር 8 በመቶ ገደማ ላይ ተገናኘ። የጉዳቱ ልዩነት ግን አልተገናኘም። ድሮ ስኳራቸው ዝቅ ብሎ የነበረው ሰዎች ዓይንና ኩላሊት ለዓመታት ተሽሎ ቀጠለ። የደም ሥሮቹ ያለፈውን ያስታውሱ ይመስል፣ ተመራማሪዎቹ «ሜታቦሊክ ትውስታ» አሉት። ትውስታው የት እንደተጻፈ ገና እየተፈለገ ነው።

ሌላም አለ። በጆስሊን ስም በሚጠራው የቦስተን ማዕከል ከ50 ዓመት በላይ ከዓይነት 1 ጋር ለኖሩ ሰዎች ሜዳሊያ ይሰጣል። ከነዚህ ጥቂት የማይባሉት ዓይናቸውም ኩላሊታቸውም ከከባድ ጉዳት ነፃ ነው፤ ይህም በስኳር ቁጥራቸው ብቻ አይብራራም። አንዳንዱ ሰው ውስጥ የሚጠብቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዘር የሚመጣ ይሁን ሌላ። ተሸናፊው ሲፐርስታይን ያነሣው የዘር ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ከሜዳሊያ ተሸላሚዎቹ ብዙዎቹ ሲሞቱ ዓይናቸውና ኩላሊታቸው ለምርምር እንዲሰጥ ተናዘዋል፤ ቦስተን ላይ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ያሉት አሁን እነዚህ ያልተጎዱ የደም ሥሮች ናቸው።